ሐሞት የለሽ ያልካት

ሸዋ ሮቢት፣ የገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ። የሽንኩርት ጆንያ የተጫነች አህያ ጥላ ስር ቀጥ ብላለች። ባለቤቷ ዱላውን አንስቶ፦

«ሂጂ፣ አንቺ ሐሞት የለሽ!»

አጠገቡ የቆመ ሰው መለሰለት፦ «እውነትህን ነው ወንድሜ፣ የላትም! የሐሞት ከረጢት አህያም፣ በቅሎም፣ ፈረስም የላቸውም። በ1888 ዓ.ም. ጀግና ተሸክሞ አድዋ የዘመተው ፈረስም አልነበረውም። አንተ ከነሐሞትህ የገጠምከው ከአህያ ጋር ነው!»

«ታዲያ ሐሞቷ የት ገባ?»

«ፈሰሰ! ከጉበቷ ወደ አንጀቷ ሲንጠባጠብ ይውላል፤ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንድትግጥ ተደርጋ ተፈጥራለችና። የሰውን ሐሞት የሚያፈሰው ፍርሃት ነው፤ የእሷን ግጦሽ።»

«በሬዬ ሲያርስ ውሎ ማታ አይደል የሚበላው?»

«በሬህ ስንቁን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚያርሰው! ሆዱ አራት ክፍል አለው፤ ትልቁ ብቻ በግዙፍ ከብት ከ100 ሊትር ያልፋል። የፈረስ ጨጓራ ግን አንድ ነው፤ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። የአህያዋ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሬ ገለባ የሚያብላላበትን ጋን ከደጃፉ ተክሎታል፤ አህያ ከጓሮ፣ ከትልቁ አንጀቷ። እሱ ጋደም ብሎ ያመሰኳል። እሷ አታመሰኳም፣ አታስመልስም፤ የዋጠችው ወደፊት ብቻ ነው። ጨጓራዋ ባዶ ሲውል የራሱ አሲድ ይበላዋል።»

አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ፦ «እንግዲያ የበሬ ሆድ ብልህ ነዋ!»

«ብልህስ ነው ጋሼ፤ ግን በይፋት ቆላ ድርቅ መትቶት እንደገና ያቆጠቆጠ ማሽላ ላይ አይልቀቁት! ያ የደጃፍ ጋን ከቡቃያው ሳይናይድ የሚባለውን መርዝ ፈጥኖ ያወጣዋል፤ ከብቱ ቶሎ ይወድቃል። ለሁሉም ሆድ የየራሱ ጥንቃቄ አለው።»

«ግመልስ?» አለ አንድ ጎረምሳ።

«ታመሰኳለች፣ የሐሞት ከረጢት ግን የላትም። ሐሞት የለሽ ብለህ በረሃውን ቅደማት!»

ባለአህያው ዱላውን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ሐሞት ያለህ አንተ ነህ አይደል? እንግዲያው ጆንያውን አውርድላት። ውኃ አጠጣት፣ ጭድ አቅርብላት። ነገም ስትጭናት የእሷንም ስንቅ አብረህ ጫን፤ በየእረፍቱ ትቅመስ። የበሬህን ስንቅ ሆዱ ይይዝለታል፤ የእሷን የምትይዝላት አንተ ነህ።»