ጋሼ ቶርኖ እና ጨረሩ

ከባሕር ዳር ማሪታይም ተመርቆ የውጭ መርከብ ላይ ሞተር የሚያገላብጥ የሰፈራችን ልጅ ለዕረፍት መጣና ቡና ቤት ተቀምጠን ወሬ ለቀቀ፦ ያለቀ ክራንክ ሻፍት ሳይወጣ፣ እዚያው መርከቡ ሆድ ውስጥ በሌዘር ይሞላል! ጋሼ ቶርኖ ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲልጡ የኖሩ ናቸው፤ ሞላሁ ባይ ሲመጣባቸው ዝም አይሉም።

«አውጥታችሁ ቶርኖ ቤት አትወስዱትም?»

«ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረችው የኮንቴይነር መርከብ ኤማ ማርስክ ሞተሯ ብቻ 2,300 ቶን ነው። ክራንኩ 300 ቶን ይመዝናል። ለማውጣት መርከቡን መቅደድ ነው።»

«ውሰዱት አልኩ እንጂ ተሸከሙት አልኩ?»

«በተራ ብየዳ እንዳንሞላው ሙቀቱ ይሰፋል፤ ዘንጉ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሌዘሩ ግን ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። የብረት ዱቄት ይነፋለታል፤ እያቀለጠ ስስ አድርጎ ያለብሰዋል።»

«ዱቄት በእሳት? እንጀራ ጋገራችሁ በለኛ!»

«ምጣዱ 300 ቶን ሆነ እንጂ፣ ልክ ነው።»

«ዘይት በጠጣ ሞተር ውስጥ እሳት ይዞ የሚገባ ጤነኛ ነው?»

«መጀመሪያ ይጠረጋል፣ አየሩ ይለካል። ደግሞ ጨረሩ በዓይን አይታይም፤ ያለ ልዩ መነጽር ከቀረቡት ግን ያሳውራል።»

«አይታይም? ጡረታዬ ነዋ!»

እዚህ ላይ ለልጁ ልፍረድለት። የጋሼ ዘመን መላ ያለቀውን የዘንግ አንገት ልጦ ማስተካከልና ወፈር ያለ ኩሽኔታ ማልበስ ነበር። ሞተሩ ይነሳል፤ ዘንጉ ግን በተላጠ ቁጥር ይከሳል፣ ኩሽኔታውም በልዩ ልክ ይታዘዛል። ሌዘሩ ወደ ፋብሪካው ልክ ይመልሰዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፂማቸውን አሻሹ፤ መሸነፍ የለመዱ ሰው አይደሉም።

«እሺ፣ ከሞላ በኋላስ?»

«አንገቱ ላይ በሚታሰር ማሽን እስከ መቶኛ ሚሊሜትር ይላጣል። ይወለወላል፣ ስንጥቅ ይፈለግበታል። የመርከብ ብቃት የሚያረጋግጠው የክላስ ድርጅት ኢንስፔክተር ካልፈረመ ንቅንቅ የለም።»

«ይላጣል አልክ? እንግዲያ ጨረርህ የእኔ ረዳት ነው!»

ሁላችንም ሳቅን። ልጁም ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ክራንኩ ምን ሆኖ አለቀ?»

«ዘይቱ ቆሽሾ።»

«ፊልትሮውን የሚከታተለው ማን ነበር?»

ልጁ አስተናጋጇን ጠርቶ የሁላችንንም ሂሳብ ጠየቀ።