ገደሉ የሚመለከተው አካል

ፊልም ሊሠራ የተነሣ ተማሪ ካሜራ ባይኖረው ይከራያል። ተዋናይ ቢያጣ የአክስቱን ልጅ ይለምናል። ገንዘብ ቢያልቅበት ምሳውን ይዘላል። የትብብር ደብዳቤ ከሌለው ግን ከግቢው በር አያልፍም። ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ ያረፈ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ። የእኛን ነገር ያከበደው ልንቀርፅ ያሰብነው ገደል መሆኑ ነው። ገደል የሚመለከተው አካል ማን ነው? ቀበሌው? ወረዳው? ገዳሙ? ወይስ አፋፉ ላይ ሣር ሲነጭ የሚውለው ጭላዳ?

ለመመረቂያ ከዐሥር ደቂቃ የማይበልጥ ፊልም ሥሩ ተብለናል። የክፍላችን ልጆች ፍቅርን፣ ስደትንና ሱስን ተሻምተው ጨረሱ። የእኛ ዳይሬክተር ግን ኤድመንድ በርክ የተባለ አየርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1757 ያሳተመውን መጽሐፍ ካነበበ ወዲህ እንደ ሰው ማውራት ትቷል። በርክ ቆንጆ ነገርና ግርማው የሚያስደነግጥ ነገር ይለያያሉ ይላል። አበባ ቆንጆ ነው፤ ደስ ብሎህ ታልፈዋለህ። ጨለማ፣ ማዕበል፣ መጨረሻው የማይታይ ነገር ግን ባለህበት ያቆምሃል፤ የዚህም ሥሩ ፍርሃት ነው። ፈላስፋው ካንትም እ.ኤ.አ. በ1790 አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ በነጎድጓዱ ግርማ መመሰጥ የሚችለው ራሱ ከአደጋው ርቆ የቆመ ሰው ነው። እየሰጠመ ያለ ሰው ስለ ማዕበል አይፈላሰፍም ማለት ነው፤ ይኼ ያላከራከረን ብቸኛ ነጥብ ነበር። ዳይሬክተራችን ሁሉንም ጠቅልሎ «ሰብላይም» ይለዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይለዋል። ሽሮው ቀዝቅዞ ሲቀርብለትም «ሰብላይም የለውም» ብሎ ይመልሳል።

ስልኩን ሲከፍት የሚታየው የካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ ሥዕል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1818 ገደማ የተሣለው። ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ዱላውን ተደግፎ ቋጥኝ ላይ ቆሟል፤ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ከሥሩ የተንጣለለውን ጉም ያያል። ፊልማችንም ይኸው ነበር፦ አንድ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል፤ ይፈራል፤ አለቀ። ንግግር የለውም። ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ «ወሬ በዛ» ተብሎ ግማሹ ሲሰረዝ ሥራ ፈታሁና ፕሮዳክሽን ማናጀር ተደረግኩ። ፕሮዳክሽን ማናጀር ማለት በተማሪ ፊልም ደብዳቤ ተሸካሚ ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ኤርታ አሌ ነበር። አፋር ድረስ ወርደን፣ የቀለጠ ዓለት የሚንተከተክበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ። የመኪናውን፣ የመሪውንና የውኃውን ወጪ ደምሬ ሳሳየው ዳይሬክተራችን ቨርነር ሄርዞግን ጠቀሰብኝ። ሄርዞግ እ.ኤ.አ. በ1976 ጓድሎፕ ደሴት ላይ ላ ሱፍሪዬር የተባለው እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው ተብሎ ሕዝቡ ነቅሎ ሲወጣ፣ ሁለት ካሜራማን አስከትሎ የገባ ሰው ነው። ባዶ ከተማ ቀረፀ። ማንም ሳያልፍ የሚበሩ የትራፊክ መብራቶችን፣ አልወጣም ብሎ ከድመት ጋር መሬት ላይ የተኛ ሰው ቀረፀ። ተራራው ግን ሳይፈነዳ ቀረ፤ ሄርዞግም ከቀረው ፍንዳታ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ፊልም አወጣበት። «አየህ አይደል?» ይለኛል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ ሄርዞግ ካሜራ ሲከራይ መታወቂያ አስይዞ ዋስ የጠራ አይመስለኝም። ካሜራማናችን በበኩሉ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርፆ መጨረሱን አነሳ። በሀገራችን የፊልም ተማሪዎች ክርክር ኃይሌ ገሪማ ከተጠራ ውይይቱ አበቃ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የደብረ ሊባኖስ ገደል ተመረጠ።

ደብዳቤውን ይዤ አንድ ቢሮ ገባሁ፤ የየትኛው እንደሆነ ይቅር። ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ አስቀመጡኝ፤ አነበቡት።

«ምንድን ነው የምትቀርፁት ልጄ?»

«ፍርሃትን ነው ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነው የፈራው?»

«ማንም። ማለቴ፣ አንድ ሰው ነው።»

«ምኑን ነው የሚፈራው?»

«ገደሉን።»

«ገደሉን ብቻ?»

እዚህ ላይ በርክን መጥቀስ እንደማያዋጣ ገባኝ። ወደ ግቢ ተመለስኩና ጉዳዩ «የተፈጥሮ መስህቦችን ስለ ማስተዋወቅ» የሚል አዲስ ደብዳቤ ተጻፈልን። ፍርሃትን ልንቀርፅ የተነሣን ሰዎች፣ ከፍርሃት የተነሣ ፍርሃት የሚለውን ቃል ከደብዳቤያችን አወጣን። ማኅተሙ በዚያው ቀን ተመታ።

በዕቅድ ስብሰባችን የተጣላነው ግን በሌላ ነገር ነው። ዳይሬክተራችን ሜዳ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች በሰልፍ ቆመው፣ ጉሙ ቀስ እያለ ሲውጣቸው የሚያሳይ ትዕይንት ጨመረ። ቦታውንም በካርታ መርጦ መጣ፤ ከደብረ ሊባኖስ ገዳም ብዙ የማይርቅ ሜዳ። እዚያው አካባቢ ላጋ ወልዴ የሚባል ስፍራ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ገዳሙ አሲሯል ተብሎ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት፣ ለተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡት መነኮሳት በጭነት መኪና ተወስደው በሰልፍ የተረሸኑት እዚያ ነው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያመኑት በመቶዎች ነው፤ በኋላ ያጠኑት ሰዎች ከሺህ በላይ ያደርሱታል። «ነጭ ለባሽ ሰልፍ እዚያ አይቆምም» አልኩ። «ኃይል ይሰጠዋል እኮ» አለ። የሚሰጠው መስሎት ነው። ካንት ርቆ የቆመ ሰው ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ መኪናው ላይ የተጫኑት ሰዎች የሚርቁበት ቦታ አልነበራቸውም፤ የእነሱን ፍርሃት ተውሶ ማስዋብ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ የእኛ አይደለም። ድምፅ ቀጂያችን ከእኔ ጋር ወገነ፤ ትዕይንቱ ወጣ። ዳይሬክተራችን በመንገዳችን ላይ እስካለችው ጫንጮ ድረስ አኮረፈን።

የሙከራ ቀረጻ ያልነው ጉዞ ነሐሴ ላይ ነበር፤ ኪራይ የሚረክሰው ያኔ ነዋ። ስንደርስ ገደሉ የለም። ጉሙ ከአፍ እስከ ገደፍ ሞልቶታል። ካሜራማናችን ሊያለቅስ ደረሰ፤ ዳይሬክተራችን ግን ፊቱ በራ፤ በርክ ያልጠራ ነገር ከጠራው የበለጠ ያስፈራል ብሏላ። ተዋናያችን አፋፉ ላይ ቆመ። «ትንሽ ጠጋ በል!» እንለዋለን። «ትንሽ ደግሞ!» ካሜራው አንድ ክንድ ወደ አፋፉ ሲጠጋ ግን ሁላችንም ባንድ ላይ ጮህን። ተዋናዩ ዞሮ አየን። ያ አስተያየት መቀረፅ ነበረበት፤ ካሜራው ግን በዚያች ደቂቃ ብብት ውስጥ ነበር።

ደግሞ ጭላዳዎቹ አሉ። ተዋናያችን እንደ ምንም ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ከጉሙ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ብቅ ትልና፣ አጠገቡ ተቀምጣ ሣሯን ትነጫለች። ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ለእሷ አፋፉ ደጃፏ ነው። እሷ ፍሬም ውስጥ እስካለች ማንም ሰው ፈርቷል ተብሎ አይታመንም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ እግሩን ወደ ገደሉ አንጠልጥሎ ተቀመጠና፣ ድምፅ ቀጂያችንን በኦሮምኛ «እኔ ብቆምላችሁ ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» አለው።

እዚያው አፋፉ ላይ ሆነን በላፕቶፕ ያየነው ደግሞ የባሰ ነበር። ጉሙ ለጥቂት ደቂቃ ተገልጦ የቀረፅነው ገደል የመንገድ ዳር ቦይ መስሏል። ካሜራ አንድ ዓይን ነው፤ ሁለት ዓይን የሚሰጠውን ጥልቀት አይሰጥም፤ ሰፊ ሌንስ ሲጨመርበት ደግሞ ሩቁን አሳንሶ ይወስደዋል። የቆመው ሰው ጉልበት ላይ የሚወጣው ብርድም በሌንስ አይገባም። ይኼኔ ነው ድምፅ ቀጂያችን «ገደሉን አናሳይ፤ እናሰማው» ያለው። ሐሳቡ እስካሁን ያስቀናኛል። ድንጋይ ትለቃለህ፤ ጸጥ ይላል፤ ተመልካቹ ይቆጥራል። ነጻ ሆኖ የሚወድቅ ድንጋይ በአራት ሰከንድ ሰማንያ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥልቀቱ ያለው በዝምታው ርዝመት ነው። ዳይሬክተራችን ሳይጠራ ድንጋይ አነሣ። ለቀቀ። ማይኩ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

ከታች የተሰማው የድንጋይ ድምፅ አልነበረም። የሰው ነበር።

በጉሙ ሥር፣ በገደሉ እርከን ላይ፣ ማሳ አለ፤ ከብት አለ፤ ሰው አለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎልማሳ ገበሬ እኛ ወርደን የማንጨርሰውን መንገድ በሩጫ ወጥተው ከጉሙ ውስጥ ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እንደ ፍሪድሪክ ሰውዬ ጀርባቸውን አልሰጡንም። ተዋናያችን እንዲያ መሮጥ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ካሜራማናችን ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ተከተለው። እኔ እግሬ ስላልታዘዘልኝ ደብዳቤውን ዘረጋሁ።

ሰውዬው ተቀበሉ። ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙን ጭምር፣ ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ጥርት ባለ አማርኛ ጠየቁኝ፤ «የቱ ጋ ነው ድንጋይ ወርውሩ የሚለው?»

ደግነቱ የተጎዳ አልነበረም፤ አንዲት ጊደር ደንብራ ጎመን ውስጥ ገብታለች። ድምፅ ቀጂያችን በኦሮምኛ ረዥም ይቅርታ ጠየቀ፤ የጎመኑን ከፈልን፤ የመመለሻ ምሳችን ነበር። ካሜራው ሳይጠፋ ኖሮ ሩጫውን በሙሉ ቀድቶታል፦ ሰማይ፣ ሣር፣ ጫማ፣ የሚቆራረጥ ትንፋሽ፣ አንዴ ለአፍታ ከጉሙ የሚወጣ ዱላ። መምህራችን ሌላውን ሁሉ ዝም ብሎ አየና እዚህ ጋ ሲደርስ «መልሱት» አለ። ዳይሬክተራችን «ይኼ ኮሜዲ ነው» ብሎ ለሳምንት ያህል ተሟገተ። በመጨረሻ ገበሬውን ለማስተወን ተስማማ።

ድርድሩን የጨረስነው በስልክ ነው። ቀረጻው ከመስቀል በኋላ፣ አጨዳው ሳይጀመር ይሆናል። ከወሩ 24ኛው ቀን አይሆንም፤ ተክለ ሃይማኖት ነው። ተዋናያችን በፊት የቆመበት አፋፍ በክረምት ስለሚሰነጠቅ፣ የሚቆምበትን ቦታ እሳቸው ያሳዩታል። ድንጋይ የለም። ከክፍያቸው ቀብድ ይፈልጋሉ። ዱላውን ከፍ አድርገው ይዘው እንዲመጡ ዳይሬክተራችን ሲጠይቃቸው፣ ሊመታ የመጣ ሰው ዱላውን ቀድሞ አያሳይም ብለው እምቢ አሉት። ተዋናያችን ዱላው በዕለቱ የእውነት ይሁን አይሁን በጽሑፍ እንዲገለጽለት ጠይቋል፤ መልስ አልሰጠነውም።