ቲዋና ከጋሼ ጋር

ሳንዲያጎ የሚኖር ሐበሻ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ ባሕሩን ያሳያል፤ ቀጥሎ ገበያውን ያሳያል፤ ከዚያ የሚያሳየው ያልቅበታል። ያን ጊዜ ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፦ «ሜክሲኮ ልውሰድዎት?» ሰማያዊው የከተማ ባቡር መጨረሻው ሳን ኢሲድሮ ነው። ከዚያ በእግር ተሻግሮ ቲዋና መግባት ነው።

የኔ እንግዳ የባለቤቴ አጎት ነበሩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሞያሌ ጉምሩክ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ስለዚህ የመጡት ለሽርሽር ሳይሆን ለቁጥጥር ነው። ደጋግሞ የሚያስገባ የአሜሪካ ቪዛ ላለው ሰው ሜክሲኮ ሌላ ቪዛ አትጠይቅም። ፓስፖርታቸው ታየ፣ አለፉ። ጋሼ ግን ቅር አላቸው።

«ቦርሳዬን የከፈተ እንኳ የለም!»

ዋናው የቱሪስት ጎዳና አቬኒዳ ሬቮሉሲዮን ይባላል። መድኃኒት ሻጩም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ ቆዳ ነጋዴውም በእንግሊዝኛ ይጣራል። መንገዱ ዳር ጥቁር መስመር መስመር የተቀባች አህያ ጋሪ ላይ ተጠምዳ ቆማለች። ፎቶ ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን ነጣ ያለችው አህያ አልታይ ብትል፣ ባለቤቶቹ የሜዳ አህያ አስመሰሏት ይባላል። ፎቶው ባለቀለም ከሆነ በኋላም ቡርሹን ያስቀመጠ የለም። ቱሪስቱ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ አጠገቧ ይነሳና ይከፍላል። ጋሼ ዙሪያዋን አይተው ሲያበቁ፣ ሆዷ ሥር ቀለም ያልደረሰበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይህቺ በሐሰተኛ ሰነድ የገባች ዕቃ ናት» አሉ።

ቲዋናን ያሳደጋት የጎረቤት ክልከላ ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. መጠጥ ስትከለክል የካሊፎርኒያ ጠጪ ወደዚህ ጎረፈ። በ1928 አጉዋ ካሊየንቴ የተባለው ሆቴልና ቁማር ቤት ተከፈተ፤ የሆሊውድ ሰው ሁሉ ተርመሰመሰበት። በ1935 ፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ቁማርን ሲያግዱ ደግሞ ተዘጋ። ዛሬም ልማዱ አልተለወጠም። ወዲያ ማዶ መጠጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ወዲህ 18 ይበቃል። ዓርብ ማታ ድንበሩን የሚሻገረው ጎረምሳ ሙዚየም ፍለጋ አይደለም።

የሲዘር ሰላጣ እንኳ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ሲዘር ካርዲኒ የሚባል ጣሊያናዊ በ1924 ቲዋና ባለው ምግብ ቤቱ እንግዳ በዝቶ ጓዳው ሲራቆትበት፣ የተረፈውን ሰብስቦ ፈጠረው ይባላል። ዛሬም በዚያው ጎዳና በስሙ የሚጠራ ምግብ ቤት አለ። አስተናጋጁ ጋሪ እየገፋ መጥቶ ዓይናችን እያየ ሠራው፦ ነጭ ሽንኩርት፣ በጨው የተያዘ ትንንሽ ዓሣ፣ ሰናፍጭ፣ አይብ። ከዚያ እንቁላል ሰበረና ጥሬውን አስኳል ጨመረበት። ዕድሜ ልካቸውን ቁርጥ ሲቆርጡ የኖሩት ጋሼ ደነገጡ።

«ጥሬ?»

ቅጠሉ ሳይከተፍ፣ እንዳለ ነው የሚቀርበው። ጥንት በእጅ ይበላ እንደነበር ስነግራቸው ግን ሹካቸውን አስቀመጡ፤ የእንቁላሉም ነገር ተረሳ።

ሲመሽ ወደ ስድስተኛው ጎዳና ሄድን። መጠጥ ቤቱ በመጠጥ ቤት ላይ ነው። አኮርዲዮንና ጊታር የያዙ ሙዚቀኞች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ በዘፈን ቁጥር ያስከፍላሉ። ጋሼ ቃሉን ባይሰሙም የዘፈኑን እሮሮ ሰምተዋል። ብድግ አሉና አንድ ዶላር በምራቃቸው አርሰው አኮርዲዮን ተጫዋቹ ግንባር ላይ ለጠፉበት። ሰውየው ዓይኑ ፈጠጠ፤ ጣቱ ግን አልቆመም። ቀጥሎ ጓደኛው ጊታሩን ይዞ ግንባሩን አዘንብሎ መጣ።

መመለሻው ላይ ነው እንግዲህ የከተማዋ ትልቁ ትርኢት ያለው። ሳን ኢሲድሮ በሁለቱ አሜሪካዎች ሰው ከሚበዛባቸው የየብስ ድንበሮች ዋነኛው ነው፤ ሰልፉ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። መኪኖቹ መሀል ብርድ ልብሱ፣ የጂፕሰም ሐውልቱ፣ ትኩሱ ቹሮ ይዞራል። መጨረሻ ላይ አሜሪካዊው መኮንን የጋሼን ቦርሳ ከፍቶ ካልሲያቸውን ሳይቀር ገለባበጠው። ጋሼ ያን ዕለት ከልባቸው የሳቁት ያኔ ነው።

«አሁን ገና ሥራ የሚያውቅ ሰው አየሁ!»

ለመሄድ ያሰባችሁ ሁሉ ፓስፖርትና ቪዛችሁን አትርሱ፤ ለሰልፉ ምቹ ጫማ አድርጉ፤ የቹሮ ገንዘብም አስተርፉ። ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ ወገኖቼ ግን ሰላጣውን እቤታችሁ ሥሩት። ቲዋና ስትገቡ ብዙም አትጠይቃችሁም፤ የሚጠይቃችሁ ስትመለሱ የምታገኙት ነው።