አክተሩ ማነው?

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው አንድ የማይሻር ሕግ ያውቃል፤ አክተር አይሞትም። ጥይት እንደ በረዶ ይዘንብበታል፣ ከፎቅ ይወረወራል፣ የተሳፈረበት መኪና ይጋያል። አክተሩ ግን አቧራውን አራግፎ ይነሳና ቦሱን ፍለጋ ይሄዳል።

የዚህ ወግ ባለታሪክ 45 ዓመት የኖረው በዚህ ሕግ ነው። ሙያው የሒሳብ ሥራ ነው። የሚኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቱ፣ ከ12 ዓመት ሴት ልጁና ከእናቱ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የአርኖልድን «ኮማንዶ» አሥራ አንድ ጊዜ አይቶታል፤ በአሥራ ሁለተኛውም ቢሆን ፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ ባትድንስ ብሎ መስጋቱ አይቀርም።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባው ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ፊልም ሲያወጋት ሽሮዋን ጨርሳ እጇን እየጠረገች፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የሚያዩት አንድ ፊልም ነው፤ ሰዎቹ ናቸው የሚቀያየሩት» አለችው። ሰውየው ተነካ። የተነካ ወንድ ደግሞ ይወራረዳል። ልጅቷ እ.ኤ.አ. በ2015 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው «ዊሜን ኢን ፊልም» የተባለ ማኅበር ስለጀመረው ዘመቻ ነገረችው፤ በሳምንት አንድ፣ በዓመት 52፣ ሴቶች ያዘጋጇቸውን ፊልሞች ለማየት ቃል መግባት ነው። ሰውየው «ሴት ብቻ ለምን? እኔ የማላውቀውን ሁሉ አያለሁ» ብሎ ፎከረ። ልጅቷም ዝርዝሩን ጽፋ፣ ፊልሞቹን በፍላሽ አድርጋ ሰጠችው።

ሕጉ አጭር ነበር። ቅዳሜ ማታ አንድ ፊልም፣ አይቶት ከማያውቀው አገር ወይም ዘመን። ማሳለፍ ክልክል ነው። ሳይጨርሱ መነሳት ክልክል ነው። ለእያንዳንዱ ፊልም ደብተር ላይ አንድ ሉክ ይጻፍለታል። ሰውየው 50 ሉክ ደብተር ገዛና፣ ሒሳብ ሠራተኛ አይደል፣ የተረፉትን ሁለቱን ፊልሞች ሽፋኑ ላይ ለመጻፍ ወሰነ።

ያላሰበው ነገር ቢኖር እናቱን ነው። ሳሎኑ አንድ፣ ቴሌቪዥኑም አንድ። እናትየው ደግሞ ዓይናቸው ስለደከመ በርጩማቸውን ስክሪኑ ሥር አስጠግተው ነው የሚቀመጡት። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ መጀመሪያ የሒሳብ መዝጊያ ስለደረሰበት፣ ቀጥሎ ኦዲተር ስለመጣበት ልጃቸው ሁለት ጊዜ አስተላለፈው። እሳቸው የለመዱት በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን ያስተዋወቃቸውን፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ቱርኮችን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ የኢራኑ ሕፃን አፉን ሲከፍት ደነገጡ።

«ይሄኛው ለምን አማርኛ አይችልም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የ12 ዓመቷ ልጅ አስተርጓሚ ሆና ተሾመች። ከታች የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበች ለአያቷ በአማርኛ ታንቆረቁራለች። አያትየውም ፊልም በተጀመረ ቁጥር የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «አክተሩ ማነው?» ቃሉን የተማሩት ልጃቸውን ከቪዲዮ ቤት በጆሮው እየጎተቱ ሲያወጡ ነበር። አዲስ አበቤ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው ሁሉ፣ እሳቸውም ያንን ቪዲዮ ቤት ከዚህ የተለየ ስም ሰጥተውት አያውቁም።

የኢራኑ ፊልም የአባስ ኪያሮስታሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1987ቱ «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?»። አሕመድ የተባለ ተማሪ የጓደኛውን ደብተር በስህተት ይዞ ቤቱ ይመጣል። ጓደኛው የቤት ሥራውን ነገም ደብተሩ ላይ ሠርቶ ካልመጣ ከትምህርት ቤት ይባረራል። እንግዲህ ፊልሙ በሙሉ ደብተር ይዞ መሮጥ ነው፤ ኮከር ከተባለው መንደር ጀምሮ የጓደኛው መንደር ድረስ፣ ዚግዛግ በሆነች የኮረብታ መንገድ። ሰውየው ለሃያ ደቂቃ ያህል ቦሱ ብቅ እንዲል ጠበቀ። ብቅ ያሉት የልጁ አያት ናቸው። ሲጋራ በኪሳቸው እያለ ልጁን «ሂድ ሲጋራዬን አምጣ» ብለው ይልኩታል፤ ለምን ቢባሉ፣ መታዘዝ እንዲለምድ። የእሳቸው አባት በየሳምንቱ ሳንቲም፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ዱላ ይሰጧቸው እንደነበር፣ ሳንቲሙን ሊረሱ ቢችሉም ዱላውን ግን ረስተው እንደማያውቁ ያወራሉ። እዚህ ላይ እናትየው በርጩማቸው ላይ ሆነው እስኪያነቡ ሳቁ።

«የኔን አባት ከየት አገኟቸው?»

በሦስተኛው ቅዳሜ ትልቁ ፈተና መጣ። የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የፊልም ሐያስያንን እየጠየቀ የዓለምን ምርጥ ፊልም ያስመርጣል። በ2022 ከ1,600 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው አንደኛ የወጣው የቤልጂየሟ ሻንታል አከርማን «ዣን ዲየልማን» ነው፤ ሴት ያዘጋጀችው ፊልም ያንን ቦታ ሲይዝ የመጀመሪያው ሆነ። አከርማን ፊልሙን ስትሠራ 25 ዓመቷ ነበር። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው። የፊልሙ ሙሉ ርዕስ ራሱ የቤት ቁጥር፣ መንገድና ፖስታ ቁጥር ያለው የብራሰልስ አድራሻ ነው። ደብዳቤ ቢላክበት ይደርሳል።

ታሪኩስ? አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሦስት ቀን ሙሉ የቤት ሥራ ትሠራለች። አልጋ ታነጥፋለች፣ ጫማ ትቦርሻለች፣ ሥጋ በዱቄት ትለውሳለች፣ ድንች ትልጣለች። ከሰዓት በኋላ አንድ ወንድ ይመጣል፣ ገንዘብ ከፍሎ ይሄዳል፤ እሷም ገንዘቡን የሾርባ ማቅረቢያው ውስጥ አስቀምጣ ወደ ድንቿ ትመለሳለች። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ንግግር እምብዛም ስለሌለ አስተርጓሚዋ ሥራ ፈትታ ሶፋው ላይ ተኛች። ሰውየውም ገና በመጀመሪያው ቀን አንገቱ ተሰበረ። የነቃው በእናቱ ድምፅ ነው።

«ተነስ! ይቺ ሴትዮ አንድ ነገር ሆናለች።»

«ምን ሆነች?»

«ድንቹ እሳት በዛበት። በጣም በሰለባት።»

ሰውየው ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ አየ። ሴትየዋ ድስቱን ይዛ ከወጥ ቤት መታጠቢያ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤት ወጥ ቤት ትንከራተታለች። ፀጉሯም እንደ ወትሮው አልተያዘም። እናትየው ድስት ስታስቀምጥ የነበረውን የእጇን ልክ ከትናንት ጀምሮ ቆጥረው ይዘውታል። በማግሥቱ ማንኪያ ሲወድቅባት «ይኸው!» አሉ፤ የልብሷ አንድ ቁልፍ ሳይቆለፍ ሲቀር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ለፊልም ሰዎች ያ ከልክ በላይ የበሰለ ድንች እስከ ዛሬ የሚጻፍበት ጉዳይ ነው፤ ጭንቀቱ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነውና። ሰውየው ግን «ኮማንዶ»ን አሥራ አንድ ጊዜ በማየት ያካበተው ልምድ ለድንች አልጠቀመውም። በመጨረሻ ሴትየዋ መቀሷን አንስታ ያደረገችውን ስታደርግ ሰውየው ከመቀመጫው ዘለለ። እናቱ አልዘለሉም።

«የድንቹ ዕለት ነው ያለቀላት» አሉ።

ደብተሩ ላይ የሠፈረው እንዲህ የሚል ነው፦ «3ኛ ሳምንት። ቤልጂየም። አልገባኝም። እማዬን ጠይቅ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሁሉም እንዲህ አልነበሩም። የሃንጋሪው ቤላ ታር እ.ኤ.አ. በ1994 የሠራው «ሳታንታንጎ» ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሲከፈትም ጭቃ ውስጥ የሚንጎራደዱ ላሞችን ለብዙ ደቂቃ ያሳያል። ባለቤቱ ቡና ቆላች፣ ወቀጠች፣ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን አጠጣች፣ ስኒውን አጥባ ረከቦቱን አነሳች። ተመልሳ መጥታ «አሁንም እየሄዱ ነው?» አለች። እየሄዱ ነበር።

አስተርጓሚዋን ልጅ ያስፈነደቃት የኡጋንዳው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ነው። አይዛክ ናብዋና ካምፓላ ውስጥ ዋካሊጋ በተባለ የድሆች ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከ200 ዶላር በማይበልጥ ወጪ ሠራው ይባላል። ፊልሙ ላይ «ቪዲዮ ጆከር» የሚሉት ሰው ከላይ እየተናገረ ይቀልዳል፣ ያሟሙቃል፣ በተዋናዮቹ ያሾፋል። አስተርጓሚዋ የሙያ ባልደረባ አገኘች። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹንም ፊልሞች በራሷ ቀልድ እያጀበች መተርጎም ጀመረች። ሰውየው ግን ተረበሸ። ካፒቴን አሌክስ ራሱ አክተሩ ነው፤ መሃል ላይ ይሞታል፤ ማን እንደገደለውም ፊልሙ አልቆ አይታወቅም። ሰውየው ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ እምቢ ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

የሴኔጋሉ ቅዳሜ ቀልድ አልነበረበትም። ማርሴይ ወደብ ላይ ወዛደር የነበረው ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራው ፊልም ነው። ዲዋና የተባለች የዳካር ልጅ የፈረንጅ ልጆች ልትጠብቅ ወደ ፈረንሳይ ትሄዳለች፤ እዚያ ስትደርስ ግን ማብሰልም ማጠብም መወልወልም ይጠብቃታል። ያን ዕለት ቡና ልትጠጣ የመጣች፣ ቤይሩት ስድስት ዓመት የሠራች ጎረቤት አብራቸው ተቀምጣ ነበር። ዲዋና ባማረ ቀሚሷና ባለ ተረከዝ ጫማዋ ወለል ስትወለውል፣ እመቤቲቱም ጫማሽን አውልቂ ስትላት፣ ጎረቤቲቱ ስኒዋን አስቀመጠች።

«እኔም በአዲስ ጫማ ነበር የሄድኩት» አለች። አስተርጓሚዋ ያን ማታ የጨመረችው ቀልድ የለም።

በአሥራ አራተኛው ሳምንት ዝርዝሩ «ከራስዎ አገር፣ የማያውቁት» ይላል። ሰውየው ይሄስ ቀላል ነው ብሎ ነበር። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን ከሃንጋሪው ላም ይልቅ እንግዳ ሆነበት። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል፣ የተቀረጸውም በሁለት ሳምንት ነው። ባላባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀን ሙሉ ይጮኻል፤ ገበሬዎቹ ያርሳሉ። አማርኛ ስለሆነ አስተርጓሚ አያስፈልግም ተባለ። ልጅቷ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ጭሰኛ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሹመቱም ወደ አያቷ ተዛወረ። አያትየው ፊልሙን አስቁመው ስለ አባታቸው እርሻ፣ ስለ እኩል አራሽና ስለ መልከኛው በቅሎ ሲያስረዱ የፊልሙን ያህል ጊዜ ወሰዱ።

ከዚያ አሥራ ዘጠነኛው ቅዳሜ ሆነ። ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. 1953፣ የያሱጂሮ ኦዙ «የቶኪዮ ታሪክ»። ኦዙ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው በሚያይበት ከፍታ ነው የሚያስቀምጠው። በርጩማ ላይ ለተቀመጡት እናት ልክ ሆነላቸው። ሽማግሌና አሮጊት ባልና ሚስት ኦኖሚቺ ከተባለች ከተማ ተነስተው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይመጣሉ። ሐኪሙ ልጃቸው ከተማ ሊያዞራቸው ሁሉም ለባብሶ ከተዘጋጀ በኋላ በሽተኛ መጣና ጉዞው ቀረ።

«እሱም ኦዲተር መጣበት» አሉ እናትየው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ፀጉር ቤት ያላት ሴት ልጅም ሥራ በዝቶባታል። ወላጆቹን ገንዘብ አዋጥተው አታሚ ወደሚባል ፍል ውሃ ይልኳቸዋል፤ እዚያ ደግሞ ሌሊቱን ጫጫታው አያስተኛም። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ያዞረቻቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት፣ ኖሪኮ ብቻ ናት። አሮጊቷ አገሯ እንደገባች ታመመች፤ ቴሌግራም ወደ ቶኪዮ ተላከ። ልክ በዚህ ጊዜ መብራት ጠፋ።

ሻማ ተለኮሰ። አስተርጓሚዋ «አይዟችሁ፣ አክተር አይሞትም» አለች።

«አክተሯ ሴትዮዋ አይደለችም፤ ምራቷ ናት» አሉ አያቷ። «ሴትዮዋ ትሞታለች። ከቀብር መልስ ያቺ ፀጉር ቤት ያላት፣ እህሉ ሳይነሳ የናቷን ልብስ ትጠይቃለች። ሁሉም በየባቡሩ ይበተናል። ሽማግሌው ብቻቸውን ይቀራሉ።»

«እማዬ፣ አይተሽዋል እንዴ?»

«ስንት ሐዘን ቤት ተቀምጫለሁ፣ ልጄ።»

መብራቱ የመጣው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ቤቱ ተኝቷል። ሰውየው ድምፁን ቀንሶ የቀረውን ብቻውን አየ። አሮጊቷ ሞተች። ከቀብር መልስ ማዕድ ላይ እንደተቀመጡ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስና መቀነት ጠየቀች፤ ኋላም ሁሉም ሄደ፤ ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሰውየው ደብተሩን ገልጦ «19ኛ ሳምንት። ጃፓን።» ብሎ ጻፈና ብዕሩን ይዞ ቆየ። ከዚያ ሥር የጻፈው የዓይን ሐኪም ቤቱን ስልክ ቁጥር ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ የወሩ መዝጊያ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለአለቃው ደውሎ አስፈቀደ። እናቱን ነጠላቸውን አልብሶ፣ እጃቸውን ይዞ ደረጃውን አወረደና ታክሲ ውስጥ አስገባቸው። እናትየው ለጥቂት ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ ከዚያ ዞር ብለው የልጃቸውን ፊት አጠኑ።

«ሞተች አይደል?» አሉት።