ቤተ መጻሕፍት ወይስ ኢንተርኔት፦ የፋክስ አላላክ ጥበብ

ፋክስ የስልክ ታላቅ ወንድም ነው። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ቤይን እ.ኤ.አ. በ1843 ፈጠራውን ሲያስመዘግብ የስልኩ ባለቤት ግራሃም ቤል ገና አልተወለደም። ለዚህ ዕድሜ የሚገባውን ክብር ዛሬም ሳያጓድሉ የሚሰጡት የአሜሪካ ክሊኒኮች፣ የጤና መድን ድርጅቶችና አንዳንድ የመንግሥት ቢሮዎች ናቸው። በኢሜይል የመጣ ሰነድ ያስፈራቸዋል፤ ያው ሰነድ በስልክ መስመር እየጮኸ ሲገባ ግን ይታመናል። ሕግ አስገድዷቸው እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕክምና መረጃ ሕግ ፋክስ ላኩ አላለም፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማም ከ2000 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ዕውቅና አለው። ነገሩ የፍቅር ነው።

እንግዲህ «ፋክስ አድርጉልን» የተባለ ባለጉዳይ ሁለት መንገድ ይጠብቁታል።

አንደኛው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙዎቹ ፋክስ ይልካሉ፤ አንዳንዱ በነጻ፣ አንዳንዱ በገጽ አስከፍሎ። መቀበሉን ግን የሚሠሩት ጥቂቶች ስለሆኑ መልሱ በፋክስ የሚመጣ ከሆነ ባለጉዳዩ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሥርዓቱ የስቴፕለር ሽቦ በመንቀል ይጀምራል፤ ከዚያ የታጠፈው ጠርዝ ይቃናል፣ የሽፋን ገጽ ይሞላል፣ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ይሳባሉ። ሁለቱ ተጣብቀው ከገቡ አንዱ እንዳልነበረ ይሆናል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ፊርማ ያለበት ነው። ከኋላ ተራ የሚጠብቀው ሰው እስከዚያው የባለጉዳዩን የደም ስኳር ልክና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተረጋግቶ ያነባል። ኢሜይልን ያስከለከለው የምስጢር ጥበቃ ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ ማሽኑ የማረጋገጫ ወረቀት ይተፋል። ወረቀቱ የሚመሰክረው ማሽን ከማሽን መገናኘቱን ብቻ ነው፤ ሰው ማንበቡን አያውቅም። ሆኖም «አልደረሰንም፣ እንደገና ላኩልን» ለሚለው መልስ ሌላ መከላከያ ስለሌለ እንደ ቤት ካርታ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። (በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ የታክስ ሠሪ ወዳጁን ማሽን ሊመርጥ ይችላል፤ እዚያ ግን ከሰነዱ ጋር ወሬውም እንደሚተላለፍ ያስብበት።)

ሁለተኛው የኢንተርኔት ፋክስ፣ የዘመናዊው ሰው ምርጫ ነው። ባለጉዳዩ ወረቀቱን በስልኩ ያነሳል፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ይጭናል፤ ኩባንያውም ጥርት ያለውን ዲጂታል ሰነድ ወደ ፋክስ ድምፅ አውርዶ ይልክለታል። ነጻ የሚባሉት በጣት የሚቆጠር ገጽ ብቻ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹም በሽፋኑ ላይ የራሳቸውን ማስታወቂያ ስለሚለጥፉ የልብ ሐኪሙ ከሕመምተኛው ስም በፊት እሱን ያያል። ወርኃዊ ክፍያ ያላቸው የግል ቁጥር ይሰጣሉ፣ ይቀበላሉም። የሙከራ ጊዜው ነጻ ነው፤ ክሬዲት ካርዱ ግን አስቀድሞ ይሰጣል። ሁለት ገጽ ልኮ ሊወጣ የገባ ሰው ማቋረጡን ከረሳ ለወራት ታማኝ ደንበኛ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል።

በዚያኛው ጫፍ የሚሆነው ደግሞ ከሁሉ ያስደንቃል። ተቀባዩ ቢሮ ማሽኑን ከጣለ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨሩ የፋክሱን ድምፅ መልሶ ፒዲኤፍ ያደርግና የሠራተኛዋ ኢሜይል ውስጥ ያስገባላታል። ፒዲኤፍ የነበረው ፒዲኤፍ ሆነ። ልዩነቱ መደበኛ ፋክስ ከላይ ወደ ታች በኢንች 98 መስመር ገደማ ብቻ ስለሚይዝ 3ቱ 8 መምሰሉ ነው። የቢሮው ክብር ግን አልተነካም፤ ኢሜይል አልተቀበለም።

ምርጫውን በተመለከተ፣ ለአንድ ጊዜ ጥቂት ገጽ የሚልክ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ፤ መልስ የሚጠብቅ ወይም በየወሩ የሚልክ ለኢንተርኔቱ ይክፈል። ሁለቱም ግን አስቀድመው ለተቀባዩ ቢሮ ይደውሉና ሰነዱን በድረ ገጽ መጫን ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንዳንዴ ይቻላል፣ ሳይጠየቅ የሚናገር ስለሌለ ነው እንጂ።

ፋክስን ለማሰናበት የሞከሩም አሉ፦ የእንግሊዝ መንግሥት የሕዝብ ሆስፒታሎቹ እ.ኤ.አ. ከጥር 2019 ጀምሮ አዲስ ፋክስ እንዳይገዙ ከልክሏል። በአሜሪካም የያኔዋ የሜዲኬር ኃላፊ ሲማ ቨርማ የሐኪም ቢሮዎች በ2020 ከፋክስ ነጻ እንዲሆኑ በ2018 ጥሪ አቅርበው ነበር። 2020 ካለፈ ቆየ፤ ክሊኒኮቹ ዛሬም የፋክስ ቁጥር ይሰጣሉ።