ውዳሴ ጉቶ

በሰፈራችን ደጅ የማሳመር ፉክክር ተጀምሯልና ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አድጎ ጥላ የጣለ የኒም ዛፍ ይመረጣል። ገጀራ የያዘ ጎረምሳ ይወጣበትና ቅርንጫፉን አንድ በአንድ መልምሎ፣ ሰው የሚያህል ግንድ ብቻ ሲቀር ይወርዳል። ግንዱ እስከ ወገቡ ኖራ ይቀባል። ሥሩ፣ ዝናብ በስህተት እንዳይገባበት፣ በሲሚንቶ ይለሰናል። ዙሪያውን ሰማያዊና ቢጫ የተቀቡ አሮጌ ጎማዎች ይደረደራሉ፤ ውስጣቸው የሲጋራ ቁራጭና የውሃ ፕላስቲክ ይበቅላል።

ለሸዋ ሮቢት የሚገባትም ይኸው ነው። ከጣርማበር ብርድ ተነስቶ የደብረ ሲናን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከተማችን ደርሶ ጃኬቱን ሲያወልቅ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናፍቀው ኖራ የተቀባ ጉቶ ነው።

ጥላ ያለው የመብራት ምሰሶ ብቻ ስለቀረ እኛም ኑሯችንን አስተካክለናል። ጠዋት በምሰሶው ጥላ ልክ እንሰለፋለን፤ ሽማግሌዎች ሥሩ ጋ፣ ወጣቶች ጫፉ ላይ። ፀሐይ በሄደች ቁጥር ሰልፉ ጎንዮሽ ይራመዳል። ወፍራም ሰው አይመከርም፤ ግማሹ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ወደ ስድስት ሰዓት ጥላው ሲያጥር ወጣቱ ከጫፍ እየተቀነሰ ይባረራል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ስለምትቆም ምሰሶው ጭራሽ ጥላ የለውም፤ ያኔ ሽማግሌዎቹም ይበተናሉ። ከሰዓት በኋላ ጥላው የደሴን መንገድ ያቋርጣል፤ እኛም አብረነው እናቋርጣለን። አይሱዙው ጥሩምባ ሲነፋ «ጥላችንን አትርገጥ!» እንለዋለን። ጥላው ደጁ የሚያርፍበት ሰው ኪራይ ጠየቀ፤ ማዶ ያለው «ጠዋት የእኔ ነበር» ብሎ ከሰሰ፤ ዳኛው ቦታውን ሊያዩ ሲመጡ ጥላው ሦስተኛ ሰው ግቢ ገብቶ ተገኘ። ሠርግም በዚሁ ጥላ ነው። ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊትና ኋላ ይቀመጣሉ፤ ሚዜዎቹ በተርታ ይከተላሉ፤ ወጡ እስከ ሰልፉ ጫፍ ሲዳረስ ጥላው ሄዷል።

አንዳንዱ የፕላስቲክ ሳር አንጥፏል። ቀትር ላይ እግር ስለሚፋጅ ውሃ ያጠጣዋል።

ዛፉን ለምን እንደሚመለምሉ ቢጠየቁ «የመብራት ሽቦ ይነካል» ነው መልሳቸው። ታዲያ ሽቦ የሚነካውን ብቻ ከመጋጠሚያው አትቆርጡም? አናቱ የተቆረጠ ኒም እኮ ከቁስሉ ዙሪያ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ያፈላል። ፈጥነው ተመልሰው ሽቦው ጋ ይደርሳሉ፤ ከግንዱ በቅጡ ስላልተጣበቁም ነፋስ ይገነጥላቸዋል። ቁስሉ ደግሞ ይበሰብሳል። ይህ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ በተባለባት አገር፣ ያደገ ዛፍ እንደ ወንጀለኛ ይታያል።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ፉክክሩ አሁን ጓሮ ገብቶ ማንጎ ጀምሯል። ማንጎ የሚያብበው ከቅርንጫፉ ጫፍ ነው፤ ጫፍ ጫፉን ያስመለመለው ሰውዬ ዘንድሮ ለምን እንዳላፈራለት መጥቶ ይጠይቀኛል፤ ምን መድኃኒት ይረጭለታል ይለኛል። ኖራ ጨምርበት አልኩት።