የዓመት ስንቅ፣ የሁለት ሳምንት ጽድቅ

ባሕር ማዶ ሄዶ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጠውን ወጣት የሚያሙት ሰዎች ዝግጅቱን ባያዩት ነው። በለንደን፣ በሲድኒ ወይም በቺካጎ የሚኖር አንድ ልጅ በዕረፍቱ «አፍሪካን ልርዳ» ብሎ ከቆረጠባት ዕለት አንሥቶ እስኪሳፈር ድረስ የሚያየውን ፍዳ ያየ ሰው ሐሜቱን ይተዋል። ከተረጂው ወገን የሚጠበቀው እኮ መቸገር ብቻ ነው፤ በእሱም ቢሆን ልምድ አለው። ረጂው ግን ስንት ነገር አለበት!

መጀመሪያ ሻንጣው። አየር መንገዱ የሚፈቅድለት 23 ኪሎ ለበጎ ሥራ መቼም አይበቃም። ቶሎ የሚደርቅና ኪሱ የበዛ ሱሪ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የውኃ ማጣሪያ፣ በፀሐይ የሚሠራ ቻርጀር፣ አጎበር፣ ለወር የሚበቃ የእጅ ማጽጃ። በዚህ ላይ በውኃ በጥብጠው የሚጠጡት የታሸገ ቡና አለ። ምድቡ ጅማ ነው። ጅማ ድረስ ቡና ተሸክሞ መሄድ ሞኝነት የሚመስለው አርቆ ለማያስብ ሰው ነው። የጅማ ሰው ቡናውን ወደ ውጭ ልኮ ጨርሶት ቢገኝስ?

ቀጥሎ ጤናው። የቢጫ ወባው፣ የታይፎይዱ፣ የጉበቱ፣ የእብድ ውሻው ክትባት በየተራ ይወጋል። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ወረቀቱን የያዘው ሰው የሚያገለግለው ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ የወባ ኪኒን አለ። በአገራችን ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው መሬት የሚያጠቃ በሽታ መሆኑን ካርታ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ካርታ ግን ከሚጫነው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን የተመደበው ጓደኛው ከ2,700 ሜትር በላይ ወደሆነው ደጋ በስስ ሸሚዝና በተሟላ የወባ መከላከያ ይደርሳል። የመጀመሪያዋን ሌሊት አንዲት የወባ ትንኝ ሳትደፍረው ብርድ ሲያንቀጠቅጠው ያድራል። ያሳደሩት እናት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ያለብሱታል። በዚያ ጉዞ ከተሰጠው ርዳታ ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ማን ለማን እንደ ሰጠው ግን ማስታወሻው ላይ አይሰፍርም።

ከሁሉ የሚከብደው መጠበቁ ነው። ምደባው መጣ አልመጣ ብሎ ኢሜይል ሲከፍቱ ማደር፣ ቀን መቁጠር፣ ገና ያልዘጉትን ሻንጣ ፎቶ አንሥቶ ማጋራት፣ «ሕይወቴን የሚቀይረው ጉዞ ቀረበ» ብሎ መጻፍ። የማን ሕይወት እንደሚቀየር በዚህች መስመር ላይ በግልጽ ተቀምጧልና፣ ዋሹን የምንልበት ምክንያት የለም። ለቲኬቱና ለአስጓዥ ድርጅቱ ክፍያ ደግሞ መዋጮ ይሰበሰባል፤ አክስት ትሰጣለች፣ ጎረቤት ይሰጣል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ኬክ ሸጦ ይሰጣል። ተደምሮ ሲታይ የአንድ የገጠር መምህር ደመወዝ ለብዙ ወራት ይወጣዋል። ሆኖም ለመምህር ደመወዝ እጇን የምትዘረጋ አክስት የለችም። ደመወዝ አውሮፕላን ማረፊያ አይሸኝም፣ ተመልሶም አያጫውት።

በዚህ ሁሉ ስንቅ መሐል የጎደለች ጥቂት ነገር ብትኖር ሥራው ነው። ልጁ ሄዶ የሚሠራውን አያውቅም፤ «ማስተማር» ተብሎ ተነግሮታል። ማስተማር ተምሮ እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ የተጠየቀው ክፍያውን ነው። ቋንቋውንም «እዚያው እለምደዋለሁ» ብሏል። በዚህ ስሌት «ጤና ይስጥልኝ»ን የሚለምደው በመሰነባበቻው ዕለት ነው።

የቀድሞዎቹ በዚህ ረገድ እጅግ ኋላ ቀር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ወደ 300 የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት፣ ዋሽንግተን ባለው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው አማርኛ ሲያጠኑ ከረሙ። መጥተውም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት ዓመት አስተማሩ። በጓዱ ላይ የሚነሣው የፖለቲካ ክስ ሌላ ነው፤ «ሰላምታ ሳያውቁ መጡ» ብሎ የሚከሳቸው ግን አይገኝም። የኛዎቹም ያው ነበሩ፦ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። ዓመት ሙሉ! ሕዝብን በአሥራ አራት ቀን መለወጥ እንደሚቻል ያኔ ገና አልተደረሰበትም ነበር።

የተቀባዩም ዝግጅት ቢሆን ቀላል አይደለም። ርእሰ መምህሩ እንግዳው የሚቀባው ግድግዳ ያስፈልገዋልና፣ አምና የተቀባውን ዘንድሮም እንዳልተቀባ አድርጎ ያቆያል። የመንደሩ ቀለም ቀቢ ሥራ ፈትቶ ጥላ ሥር ቁጭ ይላል፤ ባለሙያ ሳይሆን በነጻ ከሚሠራ ሰው ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም። ልጆቹ የእንኳን ደህና መጣህ መዝሙራቸውን ሒሳብ በሚማሩበት ክፍለ ጊዜ ያጠናሉ። መምህሩ ጠመኔውን አስረክቦ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ትምህርቱን ካቆመበት ይቀጥላል፣ ቀጣዩ እንግዳ እስኪመጣ።

በዝግጅት ግን ካምቦዲያን የሚያህል የለም። ፈረንጁ ወላጅ አልባ ልጅ ማቀፍ ይፈልጋል ተባለ፤ ፍላጎት ካለ አቅርቦት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት የሕፃናት ማሳደጊያዎቹ ቁጥር በ75 በመቶ አደገ። በዚያ ወቅት ወላጅ የፈጀ አዲስ ጦርነትም ሆነ ወረርሽኝ አልተነሣም፤ ያደገው የጎብኚው ቁጥር ነው። ከየአራቱ ልጆች የሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በሕይወት ነበር። ይህ ነው ዝግጅት ማለት! ረጂው ሻንጣውን እስኪሸክፍ ልጁ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ፣ ወላጅ አልባ ሆኖ፣ ለመታቀፍ ተሰናድቶ ይጠብቃል። የታቀፈውም በየሁለት ሳምንቱ የሚወደው ሰው እየተለወጠበት ያድጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ፣ ማሳደጊያ ውስጥ የሚካሄድ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት የሚያደርሰውን ጉዳት አንሥቶ መንግሥታት እንዲከላከሉት ጠይቋል። ጉባኤው ምናልባት ፎቶዎቹን አላየም ይሆናል፤ ልጆቹ እንዴት እንደሚስቁ!

ነገሩ አዲስም አይደለም። ኢቫን ኢሊች የሚባል ካህን እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ውስጥ ለተሰበሰቡ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ጥሩ ሐሳባቸውን ይዘው ከአገራቸው እንዲቀሩ፣ ከመጡም ለማየትና ለመማር እንጂ ለመርዳት እንዳይመጡ ፊት ለፊት ነገራቸው። ካህን እንዲህ ሲናገር ደግ አይደለም። ተማሪዎቹ ምንም የሠሩት ጥፋት የለም፤ የኛ ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ብቻ ነው የሠሩት። ሽማግሌ ሳይልክ ጥሎሹን ገዝቶ፣ ሚዜ ይዞ፣ እያጨበጨበ ደጅ የደረሰ ሙሽራም እኮ ስለ ፍቅሩ የሚጠረጥረው የለም። ችግሩ ልጅቱ ያልሰማች መሆኗ ነው።

እንግዲህ ዝግጅቱ ከዚህም በላይ እንዲሟላ በትሕትና አንድ ዕቃ በዝርዝሩ ላይ እንዲጨመር እናሳስባለን፤ ከግራም አይበልጥም፣ ጉምሩክም አያስከፍልበት። ጥያቄ ነው፦ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሻንጣው ከመገዛቱ፣ ክንዱ ከመወጋቱ፣ አክስት ከማዋጣቷ በፊት ለርእሰ መምህሩ ይላክ። መልሱ «ሁለት ዓመት የሚቀመጥ የፊዚክስ መምህር» ከሆነ፣ ፊዚክስ የተማረና ሁለት ዓመት ያለው ይምጣ፤ ቡና እኛ እናፈላለን። መልሱ «ገንዘቡን ላኩልን፣ ሰዉ እኛ ጋ ሞልቷል» ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በባንክ ይግባ፣ ልጁም እቤቱ ይቀመጥ።

ጥያቄው እስካሁን ለምን ሳይላክ እንደቀረ የሚገረም ካለ አይገረም። ላኪዎቹ መልሱን ያውቁታል፤ ሻንጣ የሚያስፈታ መልስ ነው።